ዳገቱን ለእኛ ተዉት፣ መንገዱን ስጡን!

ብስክሌት እንነዳለን ስንል የሚቀርብልን ጥያቄ ከሁለት አያልፍም። አንደኛው «ለጤና ነው?» የሚል ነው፤ ይሄን የሚጠይቁን ደጋግ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛው «መኪናውስ መቼ ነው?» የሚል ነው፤ ይሄን የሚጠይቁን ዘመዶቻችን ናቸው። በአገራችን ስሌት ትልቅ ሰው ብስክሌት ላይ ከታየ ወይ ሐኪም አዞታል፣ ወይ ኑሮ ጥሎታል። ሦስተኛ ምክንያት ሊኖር ይችላል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ስለምንወደው ነው ብንል ደግሞ እንደ ቀልድ ይታለፋል።

እኛ ጦር ኃይሎች ዙሪያ ያደግን፣ ቁጥራችን እንደ ወር መጨረሻ ኪሳችን ከፍ ዝቅ የሚል ጥቂት ወጣቶች ነን። ባንክ የምትሠራ አለች፣ ነርስ አለች፣ ሥራ ፈላጊ አለ፣ በጋዜጠኝነት ተመርቃ የሰው ጽሑፍ ስታርም የምትውል አለች። የሚያገናኘን ነገር አንድ ነው፤ እሁድ እሁድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰፈሩ ገና ሳይነቃ፣ ወፍራም ጎማ ያላቸውን ብስክሌቶቻችንን ይዘን ወደ ተራራ እንወጣለን። ሯጭ አይደለንም፤ ክለብ የለንም፤ ሜዳሊያ አናልምም። የፈረንጅ አፍ ማውንቴን ባይክ የሚለውን እኛ «ማውንቴን» ብለን አሳጥረነዋል። አማተር ማለት እንግዲህ ይሄው ነው፤ ማንም ሳይከፍለው የሚደክም ሰው።

የዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ ደስታችን ብቻ አይደለም። ስለ መንገድ ነው። መንገድ ለማን ነው የሚሠራው? የሚሠራውስ መንገድ የቱን ሌላ መንገድ አጥፍቶ ነው?

«ተራራማ ከተማ» የምትለዋ ሰበብ

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ብስክሌት ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ አዋቂ አይጠፋም። «ይሄ እኮ ባህር ዳር አይደለም፤ እዚህ ዳገት ነው» ይላል፣ ጉዳዩም ይዘጋል። እውነት ነው፤ ባህር ዳር ሜዳ ናት፤ እዚያ ተማሪውም መምህሩም ብስክሌት ላይ ሲታይ ዞሮ የሚያይ የለም። እኛ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠን ሽቅብ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን እንጦጦን እናያለን። እዚያ ላይ ሳንባችን የሚያገኘው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ከሚገኘው ሰባ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይሄንን ማንም እንዲነግረን አንፈልግም፤ ሳንባችን ይነግረናል።

ነገር ግን የዳገት ጥያቄ ማርሽ በሚባል ነገር ከተመለሰ ቆይቷል። ከእኛ ብስክሌቶች መካከል የፊቱ ትንሹ ጥርስ 22፣ የኋላው ትልቁ ጥርስ 34 የሆነ አለ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ፔዳሉን አንድ ሙሉ ዙር ስታዞሩት የኋላው ጎማ የሚዞረው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ፍጥነት ታጣላችሁ፣ ጉልበት ታተርፋላችሁ። ከእግረኛ ብዙም ሳትፈጥኑ፣ ግን ሳትወርዱ፣ ቀጥ ያለ ዳገት ትወጣላችሁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ኢንጂነር ቢተረጉመው ይሄንን ማርሽ ይሠራ ነበር።

ዳገት ሰበብ ቢሆን ኖሮ የኪጋሊ ሰዎች ከማንም በላይ ሰበብ ነበራቸው። አገራቸው ራሷ የምትጠራው በሺህ ኮረብቶች ነው። አድሪያን ኒዮንሹቲ የተባለው ሩዋንዳዊ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ ላይ በተራራ ብስክሌት ተወዳደረ። መስከረም 2018 ዓ.ም. ላይ ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ምድር ላይ ሲካሄድ፣ የተካሄደው እዚያው ኪጋሊ ዳገቶች ላይ ነው።

የእኛም አገር ቢሆን ለብስክሌት ባዳ አይደለችም። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩበት፤ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት ማለት ነው። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ስለዚህ «ብስክሌት የእኛ ባህል አይደለም» የሚል ካለ መጀመሪያ ታሪኩን ያጣራ።

የድሃ ልጅ ጨዋታ

ሌላው የሚነገረን «የሀብታም ጨዋታ ነው» የሚል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ይሄ ስፖርት የተጀመረው በሀብታሞች ላቦራቶሪ አይደለም። በ1970ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪን በተባለ ቦታ የሚኖሩ ወጣቶች፣ ሰው የጣላቸውን ወፍራም ጎማ ያላቸው ከባድ አሮጌ ብስክሌቶች እየለቀሙ ታማልፓይስ ከተባለው ተራራ አካባቢ የአፈር መንገድ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ውድድር ጀመሩ፤ ስሙን «ሪፓክ» አሉት። ምክንያቱ ያስቃል፤ የዚያ ዘመን ፍሬን ያለው የኋላው ጎማ መሃል ላይ ስለነበር፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ግሪሱ ተቃጥሎ በጭስ ይወጣል፤ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ፈትቶ አዲስ ግሪስ መጠቅጠቅ ግድ ነበር። ሪፓክ ማለት መልሶ መጠቅጠቅ ነው። በዓመቱ ጆ ብሪዝ የተባለው ከመካከላቸው አንዱ ለዚሁ ሥራ ብሎ አዲስ ብስክሌት ሠራ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ፣ ጨዋታው ኦሊምፒክ ገባ።

ይሄንን ታሪክ ስናነብ ሩቅ አገር ያለን አይመስለንም። የእኛም ብስክሌቶች አንዳቸውም ከካርቶን አዲስ አልወጡም። ከመርካቶ ያገለገለ ገዝተን፣ የአንዱን ጎማ ለሌላው፣ የሌላውን ፍሬን ለሦስተኛው እያደረግን የሰበሰብናቸው ናቸው። የሰፈራችን ጎሚስታ የጭነት መኪና ጎማ ጥሎ የእኛን ሲለጥፍ «እናንተ ልጆች እኮ ደንበኛ አይደላችሁም፣ ዕዳ ናችሁ» ይለናል። ቢሆንም መልሶን አያውቅም።

ዋጋው ግን ቀልድ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ መቶን ተሻግሯል። ብስክሌት ከነካቴናው፣ ከነፍሬን ጫማው፣ ከነውስጥ ጎማው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ስለዚህ የዶላር ዜና ለእኛ የኢኮኖሚ ገጽ ዜና አይደለም፤ የካቴና ዜና ነው። ዱሮ «ይቀየር» ይባል የነበረውን ዛሬ «ይታጠብና ይቀባ» እንለዋለን። አንዲት ነርስ ደመወዟን ቆጥባ ወደ ሥራም ወደ ተራራም የምትሄድበትን ዕቃ የቅንጦት ዕቃ ማለት ሚዛን የሳተ አነጋገር ነው።

ከጦር ኃይሎች ሲወጡ

ሰፈራችን ለዚህ ጨዋታ የተመቸች ናት፤ ችግሩም እዚያው ነው። ጦር ኃይሎች መጨረሻ ናት፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምሥራቅ ምዕራብ ቀላል ባቡር ከአያት ተነስቶ የሚቆመው እኛ ጋ ነው። ሐዲዱ ሲያልቅ የእኛ ጉዞ ይጀምራል።

አንደኛው መንገዳችን በኮልፌ፣ በ18 ማዞሪያ፣ በዊንጌት አድርጎ ወደ አስኮ፣ ከዚያ በቡራዩ ወደ ገፈርሳ ይወስዳል። ገፈርሳ የአዲስ አበባ ሰው በስም የሚያውቀው፣ ለከተማዋ ውኃ የሚሰጥ ግድብ ነው፤ ጠዋት ላይ ጭጋጉ ከውኃው ሲነሳ ማየት የሳምንቱን የታክሲ ሰልፍ ያስረሳል። ሁለተኛው በአየር ጤና፣ በአለም ገና አድርጎ ወደ ሰበታ፣ ከዚያም ወጨጫ ተራራ ግርጌ ወዳለው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ወጨጫ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ደኑ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከአንኮበር አካባቢ፣ ከወፍ ዋሻ፣ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገርለታል። ወደ ሱባ የምንሄደው የአካባቢውን ሰላም አስቀድመን ጠይቀን ነው፤ ስልክ ደውለን ድምፅ ካልጣመን ገፈርሳ ይበቃናል።

ተራራው ግን አያስፈራንም። የሚያስፈራን ተራራው ጋ እስክንደርስ ያለው አስፋልት ነው። ቀለበት መንገድ ላይ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና በክንዳችን ርቀት ሲያልፍ የሚመጣው ነፋስ ብቻውን ከመንገድ ያወጣል። አዲስ ጣጣም መጥቷል፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። ለአየሩ እሰየው ነው፤ ጭስ አይተፋብንም። ነገር ግን ድምፅ የለውም። እኛ ደግሞ ከኋላ የሚመጣውን የምናውቀው በጆሯችን ነበር።

አምና ከመካከላችን አንዷን የቆመ ሚኒባስ በር ድንገት ተከፍቶ ጣላት። የአንገቷ አጥንት ተሰበረ፤ ሦስት ወር ቤት ዋለች። ሄልሜቷ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ባይኖር ኖሮ የሚሰነጠቀው ሌላ ነገር ነበር። ቦታው ላይ የደረሰው ትራፊክ የጠየቃት የመጀመሪያ ጥያቄ «በሩን ማን ከፈተ?» የሚል አልነበረም። «አንቺን ምን አወጣሽ?» ነበር።

«አንቺን ምን አወጣሽ?»

ይሄቺን ጥያቄ ቆም ብለን እንያት። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ መኪና ውስጥ ያሉት ሳይሆኑ እግረኞች ናቸው። በመንገዱ ላይ ገዳዩ የታወቀ ነው። የሚጠየቀው ግን ተገዳዩ ነው። ሴት ስትሆን ደግሞ ጥያቄው እጥፍ ይሆናል።

እኛ ሴቶቹ ብስክሌት ላይ ስንወጣ መንደሩ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። «ማህፀንሽን» የሚል አለ፣ «ክብርሽን» የሚል አለ፣ «ሱሪሽን» የሚል አለ። ጀርባዋ ላይ ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ልጅ ማህፀን ያላሳሰበው ሰው፣ ብስክሌት ላይ የተቀመጠች ልጅ ማህፀን ያሳስበዋል። ከመኪና መስኮት «ላግዝሽ?» የሚለውን አንቆጥረውም። ወንዶቹ ጓደኞቻችን የሚሰሙት ልጆች ከኋላቸው እየሮጡ የሚጮኹትን «ጎማህ ይዞራል!» ብቻ ነው፤ እኛ የምንሰማውን ግን እዚህ ብንጽፈው አዘጋጆቹ ያወጡታል።

በቶኪዮው ኦሊምፒክ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሳ በብስክሌት የተወዳደረችው ሰላም አምሃ የምትባል ሴት ናት። አገር ወክላ ስትነዳ የሚያኮራ ነገር፣ ዳቦ ልትገዛ ስትነዳ የሚያሳፍርበት ምክንያት አይገባንም። ከእኛ የአንዷ እናት መጀመሪያ ሰሞን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «ጎረቤት ምን ይላል» ይሉ ነበር። ዛሬ «ጎማሽን ነፍተሽዋል?» ይላሉ። ጎረቤቱም አልሞተም።

መንገዱ የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ተራራ ላይ የምንነዳባቸውን ቀጫጭን የአፈር መንገዶች ማን ሠራቸው? ማዘጋጃ ቤት አልሠራቸውም። እኛም አልሠራናቸውም። የእንጦጦን መንገዶች የቀየሱት እንጨት ለቃሚ እናቶች ናቸው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከመጣ ጀምሮ፣ ከመቶ ዓመት በላይ፣ የራሳቸውን ክብደት የሚጠጋ ቅጠልና ጭራሮ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ጎብጠው፣ በባዶ እግር በረገጡት ቁጥር ቀጭኗ መንገድ ጠለቀች። እኛ ፈረንጅ እንዳስተማረን «ትሬይል» የምንለው ነገር የእነሱ የሥራ ቦታ ነው።

ስለዚህ አንድ ሕግ አለን። የተሸከመ ሰው ካየን እንወርዳለን። ደወል አንደውልም፣ «እናቴ ዞር በይ» አንልም፤ ብስክሌታችንን ወደ ጠርዝ አውጥተን እንቆማለን፣ ጭነቱ ያልፋል። ይሄንን የማያከብር አብሮን አይነዳም። መኪና ለእኛ እንዲያደርግልን የምንጠይቀውን እኛ ለእነሱ ካላደረግን፣ የምንጠይቅበት አፍ የለንም።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እንጦጦ ፓርክ ሲከፈት የብስክሌት መንገድም ተሠርቶለታል። ፓርኩን አንጠላም። የሚያምር ነው፤ ጀማሪ ሳይፈራ ይለማመድበታል፤ ከእኛም እዚያ የተማሩ አሉ። ግን አንድ አስቂኝ ነገር ልብ በሉ፤ ፓርኩ ውስጥ ብስክሌት ለመንዳት ብዙ ሰው ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኖ ነው የሚመጣው። እስከዚያ በብስክሌት መምጣት ስለሚያስፈራ! ብስክሌት ለመንዳት መጀመሪያ መኪና ሊኖርህ ይገባል ማለት ነው። የዘመዶቻችን ጥያቄ በዚህ በኩል ዞሮ መጣብን።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩ የብስክሌት መስመሮችም አሉ። ልስልስ ያሉ ናቸው፤ ማታ መብራት አላቸው፤ ስንነዳባቸው ተጠቅመናል፣ ይሄን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን መስመር መስመር የሚሆነው ሲቀጥል ነው። ጥሩ መስመር ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ተንሸራትተህ ድንገት ከታክሲ ፌርማታ ጋር ስትጋጭ፣ የተሠራልህ መንገድ ይሁን ፎቶ መነሻ ግራ ይገባሃል። ከተማዋ ለእግረኛና ለብስክሌት እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚቆይ የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አውጥታለች። ከዘመኑ አብዛኛው አልፏል። ወረቀቱ ላይ ያለው ከተማ ደስ ይለናል፤ እዚያ መኖር እንፈልጋለን።

በዚያው ልክ በከተማዋ ዳርቻ ሌላ ነገር እየሆነ ነው። አምና የነዳንበት የአፈር መንገድ ዘንድሮ በቆርቆሮ ታጥሮ እናገኘዋለን። አጥር ላይ የሚያምር ሕንፃ ሥዕል ተለጥፏል፤ ሥዕሉ ላይ አንድ ፈረንጅ ብስክሌት ይነዳል። ከአጥሩ ውጪ እንጨት የተሸከመች ሴት በአስፋልቱ ዳር፣ ከገልባጩ ጎን፣ ትሄዳለች። ልማት አያስፈልግም የሚል ሰው ከመካከላችን የለም፤ ቤት ተከራይተን የምንኖር ነን፣ ቤት እንዲሠራ ከማንም በላይ እንመኛለን። ነገር ግን ካርታ ላይ ያልተሳለ መንገድ መንገድ አይደለም ብሎ ማጠር፣ ለመቶ ዓመት የሄደበትን እግር አልነበረም እንደ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ብዙ አንጠይቅም። አንደኛ፣ የብስክሌት መስመሮቹ ይገናኙ። አዲስ ከመጀመር በፊት የተጀመሩት ሁለት ጫፎች ይያያዙ፤ ባቡሩ በሚቆምበት ጦር ኃይሎችን በመሰለ ቦታ ላይ ደግሞ ብስክሌት በሰላም ታስሮ የሚቆይበት ብረት ይተከል። ሁለተኛ፣ የከተማ ዳርቻ ሲታጠር የቆየች የእግር መንገድ ካለች ሁለት ሜትር ስፋት ይተውላት። አስፋልት አንፈልግም፤ አፈሩ ይበቃል። እኛ እሁድ እሁድ እንነዳባታለን፣ እናቶች ሰባቱንም ቀን ይሄዱባታል። ሦስተኛ፣ የመንጃ ፈቃድ የሚወስድ ሰው በር ከመክፈቱ በፊት ወደ ኋላ ማየትን፣ ብስክሌት ሲያልፍ አንድ ሜትር ተኩል መራቅን ይፈተንበት። አራተኛ፣ ለነርሷ ብስክሌት የሚመጣ ካቴና ከሽቶ ጋር አንድ መደብ ውስጥ አይታይ።

ከራሳችንም የምንጠይቀው አለ። ያለ ሄልሜት አንወጣም። ጨለማ ላይ ያለ መብራት አንነዳም። ቀይ መብራት ለእኛም ቀይ ነው። እግረኛ መንገድ ላይ አንወጣም፤ እዚያ የሚሄዱት ከእኛም የባሰ ማንም ያልቆመላቸው ናቸው። ክረምት ላይ የአየር ጤና መረሬ ጭቃ ጎማ ሲይዝ የገበሬ ማሳ አቋርጠን አንሄድም፤ ተሸክመን እናልፋለን። መቼስ ብስክሌት ከተሸከመ በኋላ የተሸከመ ሰው ለምን ቅድሚያ እንደሚሰጠው ማንም በደንብ ይገባዋል።

ሳንባችን፣ ጉልበታችን፣ ላባችን የራሳችን ጉዳይ ነው። ዳገቱን ማንም እንዲደለድልልን አልጠየቅንም። የጠየቅነው መንገዱን ነው። የሚቀጥለው እሁድ በ11 ሰዓት ተኩል እንወጣለን፤ ብስክሌት ያላችሁ ኑ። ውኃ፣ መብራትና አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ ያዙ። ሴቶች በብዛት ኑ፤ ከፊት የምትነዳው ከእኛው አንዷ ናት፣ የአንገቷ አጥንት ድኗል።